የደረቀው አሸዋ

የኬሚስትሪ መምህርቷ ለባሏ ምሳ ይዛ የግንባታው ቦታ ስትደርስ፣ በየጠዋቱ በውሃ እየራሱ የመሠረቱን ጉድጓድ የአሸዋ ግድግዳ የሚያለብሱት ጆንያዎች ተገፈው ጥግ ላይ ተከምረው አየች። ጉድጓዱ ሁለት ሰው ደራርቦ አቁሞ ይውጣል። ባሏ ከታች ብረት እያሰረ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። እሷ ግን ክው ብላ ጠርዙ ላይ ወደቆመው አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ጆንያውን ማን አነሳው?»

አባቷ የሥራው ፎርማን ነው። ጆንያ የማራሱን ደንብ የተረከበው ከቀድሞው ፎርማን ነበር። ለምን ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀም።

«እኔ ነኛ! ባለቤቱ ሊጎበኝ እየመጣ ግድግዳው ቡትቶ ለብሶ ይጠብቀው? ደግሞ እሱ ለአቧራ ነው።»

«ኧረ አይደለም! አሸዋውን አቁሞ የያዘው እርጥበቱ እኮ ነው።»

«አስተማሪ ወልጄ መከራዬን አየሁ!» ብሎ ሳቀ። «ውሃ ሲያፈርስ እንጂ ሲያቆም የት አየሽ?»

ክፍል ውስጥ ቢሆን ታስረዳው ነበር። አንዱ የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጅኑ የሌላውን ኦክስጅን ይስባል፤ የአንዱ ጉልበት ኢምንት ነው፣ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለችው ስስ ውሃ አጣብቃ ትይዛቸዋለች። ያችን ውሃ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠጣት ውላለች። የግድግዳው አናት ነጥቷል። አሸዋው ከዚያ ላይ እንደ ዱቄት ሽር እያለ መውረድ ጀመረ፣ ያለ ድምፅ። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«አውጣው አባዬ! ውሃው አልቋል፣ ሊናድ ነው!»

ፎርማኑ ዞሮ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ግትር ይሁን እንጂ ልጁን ይወዳል፣ አማቹንም ይወዳል፤ ለማዳን የቸኮለ ሰው ደግሞ መች ያስባል? ውሃው አልቋል ካለች የሚያስፈልገው ውሃ ነው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተና የውሃውን ጎማ ወደ ግድግዳው አቀና።

«ኧረ ተው!» ብላ ጮኸች። ስስ ውሃ ያያይዛል፤ ሲጥለቀለቅ ግን ቅንጣቶቹን ያላቅቃል። ይህን ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ባሏ ወደ መሰላሉ ዘሎ አንድ እግሩን አሳረፈ። ግድግዳው ከወገቡ ታጠፈና ወረደ፤ መሰላሉም እሱም ከዓይን ጠፉ።

ሠራተኞቹ አካፋ ይዘው ሲሯሯጡ እሷ በእጇ ትቆፍር ነበር። አባቷ ጎማውን እንደያዘ ጠርዙ ላይ ቆሟል።

«ውሃ አላልሽኝም?» አለ። «ልጄ፣ ውሃ አላልሽኝም?»