የአልጋ ሥር እንግዳ

ቀበቶ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የገዛ በሩን መክፈት ይፈራ ጀመር። ቁልፉን አዙሮ ሲገባ «መጣህ?» የሚለው የለም። ደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቤቱ ግን ጭጭ።

ይህን ያየች ልጁ አንድ ቅዳሜ ወደ ውሻ መጠለያ ወሰደችው። «የእናቴን ቦታ አይሞላም አባዬ» አለችው። «ግን ስትገባ ጭራውን የሚቆላልህ ይኑር።»

የመጠለያው ጠባቂ ጥግ ላይ የተኮራመተ አመድማ ውሻ አሳያቸው። «ሁለት ቤት ገብቶ ሁለቴም መልሰውታል። አይናከስም፤ ፈሪ ነው። ትዕግሥት ካለዎት ይውሰዱት።»

«ከትዕግሥት ሌላ ምን ቀረኝ» አለ ቀበቶ ሰፊው።

ውሻው ቤት እንደገባ አልጋ ሥር ሰተት አለ፤ እዚያው ከረመ። ምግቡን የሚቀምሰው ሰውየው ሲወጣለት ብቻ ነው። ቀበቶ ሰፊው አልተቀየመም። ያልተዋወቁትን «አንተ» ማለት ነውር ነው ብሎ በአንቱታ ያናግረው ጀመር። «ጌታዬ፣ ዛሬም አልተነሡም? ፀሐይዋ እኮ አናት ላይ ወጣች።»

ልጁ በስልክ ስትሰማው ትስቅበታለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያንተው ይበላል እንጂ አይጮኽም።»

«እንግድነቱ አልለቀቀውማ።»

ክረምቱ እንደገባ ሰውየውን ደረጃው አዳለጠውና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። እጁ በጀሶ ታሰረ። ልጁ እንዳይነካካው ብላ ከአልጋው ማዶ ካለው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ወስፌውንም፣ መዶሻውንም፣ የተጀማመሩትን ቀበቶዎችም ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችለት፤ ቤቱን ወለወለች፣ መስኮቱን ከፈተች።

አልጋው ሥር እንቅስቃሴ የታየው ያኔ ነው። መጀመሪያ አፍንጫ ብቅ አለ። ሰንበትበት ብሎ የፊት እግር። አንድ ቀን ሰውየው በግራ እጁ ሾርባ ሊጠጣ ሲታገል አንጠባጠበ፤ ውሻው በደረቱ እየተሳበ መጣና ወለሉን ላሰለት። ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ደግሞ አንድ ጠዋት አገጩን የሰውየው እግር ላይ አሳረፈ። ሰውየው እግሩ እስኪደነዝዝ ድረስ ንቅንቅ አላለም።

ጀሶው የተፈታለት ዕለት ከክሊኒክ ሲመለስ፣ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ጥፍር ወለሉን ሲቧጥጥ ሰማ። በሩን ከፈተ። ውሻው ደፉ ላይ ቆሟል፤ እየፈራ፣ እየተባ፣ ጭራውን ይቆላል።

ሰውየው እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። «አንተ» አለው። «አንተ፣ እኔን ነው?»

በማግስቱ ልጁ ዕቃውን መለሰችለት። ቀበቶ ያዘዙት ባለሱቆች ብዙ ታግሠውት ነበርና ሳይውል ሳያድር ሥራ ጀመረ። ቆዳውን ቆረጠ፣ በወስፌ በሳ፣ ሰፋ፣ ዘለበቱን አሰረ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ስፌቱ መጥበቁን ለማየት፣ ቀበቶውን ለሁለት አጠፈና ግራና ቀኝ ስቦ ጯ አደረገው።

ዞር ሲል ውሻው የለም። ከጠረጴዛው እስከ አልጋው ሽንቱ መስመር ሠርቷል።

ሰውየው ቀበቶውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እባብ እንደጨበጠ ሰው፣ አስቀመጠው።

ጯ ማድረጉን ተወ። ሥራውን ወደ ኩሽና አዛወረ። የሥራ ልብሱን ደጅ ያወልቃል፣ እጁን በሎሚና በሳሙና እስኪላጥ ያሻል። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን እጁ የጠጣው የቆዳ ሽታ በሎሚ የሚለቅ አልሆነም።

ልጁ መጥታ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች። «አጥንቱ ወጥቷል አባዬ። መልሰው።»

«ሦስቴ የተመለሰ ማን ይወስደዋል?»

«እንግዲያው ሥራውን ተወው።»

«ትቼስ? አንቺም ያው ከእጅ ወደ አፍ ነሽ። ይህ እጅ ደግሞ ሌላ አያውቅም።» መዳፉን አየና «እኔ የሠራሁት ለሱሪ ነው» አለ።

«የሚገዛው ሁሉ ለሱሪ የሚገዛ መስሎህ ነው የኖርከው?» አለች። የቀለደች መስላለች፤ ግን ፊቱን አላየችም።

አሁን አመሻሽ ላይ ታጥቦ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑን ወደ አልጋው ይገፋና መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። የውሻው አፍንጫ ብቅ ይላል፤ ያሸታል፤ ይመለሳል። እሱ ቤት ውስጥ እያለ ውሻው እንደማይበላ ሰውየው ያውቃል። ስለዚህ ተነሥቶ ይወጣና በሩን ዘግቶ ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

«ቁልፍ ጠፋብዎት እንዴ አባባ?» ይሉታል የሚያልፉ ጎረቤቶች።

«አይ፣ እንግዳ አለብኝ።»

ሰው ሲርቅለት ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል። ብዙ ቆይቶ ሳህኑ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል።

«ይብሉ ጌታዬ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይብሉ፤ አልገባም።»