በሐዘን የተዘጋ ሣጥን

ልጆቼ፣ ይህ የባሌ የታላቅ ወንድም የጋሼ ባኦ ነገር ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ወንዶቹ ሲያነበንቡ እየሰማሁ ቢሆንም፣ እንደ እሳቸው ያለ አንባቢ በአገራችን በሁዪጆ አላየሁም።

መምህራቸው የኔታ ዣን ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጥንቱ የሥርዓት መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ ሲጽፉ ነው። ሊሞቱ ሲሉ፣ አመሳክረው እንዲያሳትሙላቸው ረቂቃቸውን ሁሉ በአንድ ሣጥን ለጋሼ ባኦ ሰጡ። ጋሼም ሣጥኑን፣ እንደ አገራችን ልማድ ሟች ከሚታሰብበት፣ የመምህሩ ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር አኖሩና ሦስቱ የሐዘን ዓመታት ሳያልፉ እንደማይከፍቱት ተናገሩ። ደቀ መዝሙር በሐዘኑ ላይ ሳለ የመምህሩን ቃል አያገላብጥም። ባሌ ብቻ፣ "ጋሼ፣ ምስጥ እኮ ሐዘን አያውቅም" ብሎ ቀለደባቸው።

በሁለተኛው ዓመት የልጃቸው የሹዩን እጮኛ በንዳድ ሞተ። መልኩን እንኳ አይታው አታውቅም። የሟቹ ቤተሰቦች ሆንጎች፣ ልጅቷ መጥታ ከስሙ ሰሌዳ ጋር ትጋባ፣ ዕድሜዋንም በመበለትነት ትጨርስ አሉ። እንዲህ ላደረገች ሴት ንጉሡ የድንጋይ ቅስት ያሠራላታል፤ ክብሩም ለቤቱ ይተርፋል። እናቷ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጋሼን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። የኔታ በወጣትነታቸው ባሳተሙት መጽሐፍ የታጨች ሴት ሚስት ናት ብለዋል፤ ጋሼም ከዚያ ቃል አልወጣም አሉኝ። ሹዩን አላለቀሰችም። "አባባ ያነበቡት ከሆነ ልክ ነው፣ አክስቴ" አለችኝና የሐዘን ነጭ ለብሳ ሄደች።

ሐዘኑ አልቆ ሣጥኑ ተከፈተ። ጋሼ የታተመውን በቀኝ፣ ረቂቁን በግራ ዘርግተው ቃል ከቃል ያስተያዩ ጀመር። የኔታ ሐሳባቸውን ሲለውጡ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት የመለጠፍ ልማድ ነበራቸው። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ጋሼ ጣታቸውን ከአንዱ ቁራጭ ላይ ሳያነሱ አነበቡልኝ። "በወጣትነቴ ተሳስቻለሁ። በሠርግ ወደ ባሏ ቤት ያልገባች ሚስት አይደለችም። የታጨችለት ቢሞት በአባቷ ቤት ትቀመጥ፤ ሌላም ታግባ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያንን ቁራጭ ሲመረምሩ ከረሙ። የእጅ ጽሑፉን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ፤ ቀለሙን አዩ፤ የአረፍተ ነገሩን አካሄድ መዘኑ። የሌላ ሰው እጅ ሆኖ እንዲገኝ ይመኙ የነበረ ይመስለኛል። የኔታ ራሳቸው የጻፉት ነበር።

እኔን አስከትለው ሆንጎች ቤት ሄዱ። አማትየዋ በር ላይ ተቀብላን፣ "ሊቁ መጡ! ደግሞ ዛሬ ምን አነበቡ?" አለች። የቅስቱ ማመልከቻ ገብቶላታልና ደስ ብሏታል። ሹዩን ከውስጥ ወጣች። የሟቹን ስም እንዲያስጠራ በማደጎ የሰጧት የወንድሙ ልጅ ቀሚሷን ጨብጧል። ጋሼ ቁራጩን አነበቡላት። መሃል ላይ አቋረጡና እንደገና ከላይ ጀመሩ።

ሹዩን እስኪጨርሱ ጠበቀች።

"አባባ፣ እኔ ስሄድ ይህ ወረቀት ቤታችን ነበር?"

"ነበር።"

"እኔ አልነበርኩ እንዴ ሣጥኑን በየቀኑ የምወለውለው?"

ጋሼም ወደ ቤት እንድትመለስ፣ ከሆንጎች ጋር የሚመጣውን ጠብ እሳቸው እንደሚችሉት ነገሯት። ልጁ መጎተት ሲያበዛ አቀፈችው።

"ይሄ እማዬ ይለኛል፣ አባባ። ጥዬው ብሄድ ለማን ያለቅሳል? ያኔ ቢሆን እየሮጥኩ እመጣ ነበር።" ቀጥላም ቁራጩ በመጽሐፉ ይግባ ብላ ጠየቀቻቸው። "ግን ከግርጌ በደቃቅ ፊደል እንዳያስቀርጹት። ዓይኑ የደከመ አባትም ያንብበው።"

ጋሼ እንዳለችው በማተሚያው እንጨት ላይ በትልልቁ አስቀረጹት። ሆንጎች ተቆጡ፤ አንዳንድ የትምህርት ጓዶቻቸውም የመምህርን ስሕተት አደባባይ አወጣህ ብለው ደጃቸውን መርገጥ ተዉ።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንድ የማናውቀው ሰው ከሩቅ መንደር መጣ። የሴት ልጁ እጮኛ ሞቶባታል። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ፣ ይህ ቃል እውነት የየኔታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ የእሳቸው ነው፣ ልጅህን ከቤትህ አታውጣት አሉት። ሰውየው አመስግኖ ምሳ እንኳ ሳይቀምስ ወደ ልጁ ተጣደፈ። ጋሼ ከመንገዱ ታጠፍ እስኪል ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

"እንዴት ይፈጥናል" አሉኝ፣ "ይህ ሰው።"