ለሃይሚ የመጡ ሽማግሌዎች

ለተማርያም ሁለቱን ሽማግሌዎች ለተመሳሳይ ሰዓት የቀጠረቻቸው ተሳስታ አይደለም። በኋላ ሲጠይቋት ግን "ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ!" ብላ ምላ ተገዝታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ሃይሚ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ደብዳቤ ደረሳት። አንዱ ዌስትውድ ያለው፣ ሰማያዊ የሚለብሱት ነው። ሌላው እናትና ልጅ ለሚኖሩበት ለዌስት አዳምስ ቅርብ የሆነው፣ ቀይ የሚለብሱት ነው። ሁለቱም ወጪዋን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን ስላሉ በገንዘብ ማሳበብ እንኳ አልተቻለም። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን እሁድ ነው። ልጅቷ ግን ዐሥር ቀን ሙሉ ጭጭ አለች። "ዲሳይድ አደረግሽ ወይ?" ስትባል "ኦኬ ማሚ፣ እያሰብኩበት ነው" ትልና ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች።

ለተማርያም እንቅልፍ አጣች። ልጇን አፏን ያስያዛት ማን እንደሆነ ደግሞ የምታውቅ መስሏታል፤ ጋሽ ሙላቱና ጋሽ ኪዳነማርያም ናቸው። ሃይሚ አባቷ ሲሞት ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጡረታ የወጡት ኢንጂነር ጋሽ ሙላቱ በየሳምንቱ ከኖርዝ ሆሊውድ ድራይቭ እያደረጉ መጥተው ሂሳብ አስተምረዋታል። የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ቢሮ ያላቸው ጋሽ ኪዳነማርያም ደግሞ መኪና መንዳት አስለማምደዋታል፤ የመኪናቸውን የፊት መብራትም የሰበረችባቸው እሷው ናት። ታዲያ አንዱን መርጣ ሌላውን እንዴት ታስቀይም?

ሁለቱ ሰዎች በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ለትምህርት በአንድ አውሮፕላን ነው የመጡት። ሙላቱ ሰማያዊዎቹ ዘንድ፣ ኪዳነማርያም ቀዮቹ ዘንድ ገቡ። ሰላማቸው እዚያው ላይ አበቃ። በየዓመቱ ሁለቱ ቡድኖች በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ፣ በዚያ በእጅ በሚጫወቱት፣ ሲገጥሙ ሁለቱን ሰዎች አንድ ምግብ ቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ጋሽ ሙላቱ አንድ ጊዜ ጥለቱ ሰማያዊና ወርቃማ የሆነ ነጠላ አሠርተው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጋሽ ኪዳነማርያም ቀይና ወርቃማ ጥለት ለብሰው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ቄሱ አይተው እንዳላዩ አለፉ።

እናም በዚያ ሳምንት ጋሽ ሙላቱ ደወሉ።

"ለተማርያም፣ ሃይሚን ለዌስትውድ ልጠይቅ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።"

ለተማርያም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ጋሽ ኪዳነማርያም ደወሉ። "ሙላቱ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። እኔም እመጣለሁ።" ወሬው በዚህ ፍጥነት ከየት እንደደረሳቸው አልጠየቀችም፤ ፌርፋክስ ፌርፋክስ ነው። ፊት ለፊት ተያይተው፣ ተጯጯኸው ይውጣላቸውና ልጄ ትተንፍስ ብላ ለሁለቱም "እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሱቅ ይምጡ" አለቻቸው።

ሱቋ የባልትና ሱቅ ነው፤ እስከ ጣሪያው በርበሬና ሽሮ የተደረደረበት። እሁድ ቀድመው የገቡት ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ከኋላቸው ባለታክሲው ሩፋኤል ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ ተከትሏል። ሃይሚ ባንኮኒው ጀርባ የሽሮ ከረጢት ላይ ወረቀት ትለጥፋለች።

"ይቀመጡ ጋሼ" አለች ለተማርያም።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"እሺ፤ ብቻ በርበሬው ላይ አይደገፉ።"

ጋሽ ሙላቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችሁን ለልጃችን... ማለቴ ለዩኒቨርሲቲያችን ልንጠይቅ ነው። ጨዋ ነው። ስሙ የተመሰገነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሞላ፣ ነፋሻ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ..."

"ይጠጣል?" አለ ሩፋኤል።

"አንተ የእኔ ወገን ነህ፣ ዝም በል!"

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሽ ኪዳነማርያም ገቡ። መጀመሪያ ጋሽ ሙላቱን፣ ቀጥለው ሩፋኤልን አዩ።

"ሩፋኤል! አንተ የእኔ ሽማግሌ አልነበርክም?"

ሩፋኤል ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ። "ሁለታችሁም ለመናችሁኝ ጋሼ። እምቢ ማለት ከበደኝ።" ይህን ብሎ ከሁለቱም እኩል ርቆ ሱቁ መሀል ላይ ቆመ።

"ሶ፣ ምን እያላት ነበር?" አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም። "መጨረሻ ስንገጥም ስንት ለስንት እንደተሸነፉ ነገራት?"

"ያን ቀን ዳኛው..."

"ዳኛው! አርባ ዓመት ሙሉ ዳኛው!"

"ልጅቷ ልትማር ነው ወይስ ኳስ ልትሸከም?"

"እኛ ዘንድ ሁለቱንም ትችላለች። እናንተ ዘንድ ኳሱን የሚይዝ የለም!"

ሚጥሚጣ ልትገዛ የገባች ማሚቱ የምትባል ደንበኛ ሦስቱን የቆሙ ወንዶች አየችና "እናንተም ተራ ላይ ናችሁ?" ብላ ከኋላቸው ቆመች።

ለተማርያም ልጇ ትስቃለች ብላ ዘወር አለች። ሃይሚ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ የለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሯ መልሳ ትልጣለች።

"ዋስ!" አለች ለተማርያም ድንገት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጅ ያለ ዋስ አይሰጥም። ሃይሚ ብትታመም፣ ቢከፋት፣ ሰው ብታጣ፣ የሚደርስላት ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ሁለቱም።

"እንደሱ አይደለም። ለራሱ ወገን ማንም ዋስ ነኝ ይላል። ዌስትውድ ከሄደች ዋሷ ጋሽ ኪዳነማርያም ነዎት። ቀዮቹ ጋ ከሄደች ጋሽ ሙላቱ።"

"እኔ?" አሉ ጋሽ ሙላቱ። "አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ግቢ ረግጬው አላውቅም!"

"ፓርኪንግ አለው" አለ ሩፋኤል።

"እኔ ደግሞ ሰማያዊ አልለብስም" አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም።

"የሚለብስ አልጠየቅኩም ጋሼ፣ የሚደርስ ነው የጠየቅኩት።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች አሰቡ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ክርክሩን የተሸነፈ ልጅቷን ያገኛል ማለት ነው።

"እንግዲህ ዌስትውድም..." አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም እያመማቸው፣ "ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ያው ቤተ መጻሕፍት ነው።"

"የእናንተ ይሻላታል" አሉ ጋሽ ሙላቱ ፈጠን ብለው። "ለቤቷም ቅርብ ነው።"

"ኧረ አየሩ የናንተ!"

"ኧረ መምህራኑ የናንተ!"

ለተማርያም ደረቷን ነፋች። "በይ ሃይሚዬ፣ አሁን ማንም አይቀየምሽም። ተናገሪ።"

"ማሚ፣ እኔ እነሱን ፈርቼ አይደለም እኮ።"

"ታዲያ ማንን?"

ሃይሚ ቀና ብላ እናቷን አየች። ሦስቱ ወንዶችም ዞረው ለተማርያምን አዩዋት። ማሚቱም አየቻት።

"ዌስትውድ ነው የምፈልገው" አለች ሃይሚ። "ልጎበኝ የሄድኩ ቀን ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ብቻዬን መሆኔ ትዝ ያለኝ ግን በልቼ ስጨርስ ነው። ሌላ ቦታ እንደዚያ ሆኖልኝ አያውቅም። አንቺ ደግሞ በየቀኑ 'የቀዮቹ እኮ ዐሥር ደቂቃ ነው' ትያለሽ። ተኝተሽም ትያለሽ።"

ለተማርያም "አላልኩም" ልትል አፏን ከፈተች። ብላለች። ጠዋት ብቻ ሁለት ጊዜ ብላለች።

"እዚያው ልታድሪ?"

"ዶርም እገባለሁ።"

"ማታ ማታስ?"

"ማታ ማታም ዶርሙ እዚያው ነው ማሚ።"

ሩፋኤል ሳቀ፤ ጋሽ ሙላቱ ሲያዩት ተወው። ለተማርያም የመንገዱን ርቀት፣ የትራፊኩን ብዛት፣ ልጇ በር ስትከፍት የማትሰማበትን ቤት አሰበች። ከዚያ የልጇን ጥፍር አየች። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ልጣ ጨርሳዋለች።

"ስልክሽን አውጪና 'ተቀብያለሁ' የሚለውን ቶሎ ተጫኚው" አለች። "እኔ ሳላስብበት።"

ሃይሚ ስልኳን አወጣች፤ ግን አልተጫነችም። "እኔም ዋስ እፈልጋለሁ።"

"ጋሽ ኪዳነማርያም አሉልሽ አይደል?"

"ለእኔ ሳይሆን ለአንቺ። ምሳ ቋጥረሽ በየቀኑ ክላሴ በር ላይ እንዳትቆሚ።"

"በየቀኑ ማን አለ? ሱቅ የለኝም?"

"ሱቁን ዘግተሽ ነዋ።"

እውነቷን ነው። ሰኞ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፤ ሐሙስም ያው ነው ብላ አስባበት ነበር።

"እኔ ዋስ ነኝ" አሉ ጋሽ ሙላቱ። "በወር አንድ ጊዜ።"

"እኔም ዋስ ነኝ" አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም ትከሻ ለትከሻ ተጠግተዋቸው።

"በወር? ኧረ ጋሼ! የማን ሽማግሌ ናችሁ?"

"የልጅቷ!" አሉ ባንድ ድምፅ፤ በመስማማታቸውም ሁለቱም ደነገጡ።

"በሳምንት ሁለቴ" አለች ለተማርያም።

"በሳምንት አንዴ፤ ቀድመሽ ደውለሽ" አለች ሃይሚ።

"ሁለቴ፤ ደውዬ።"

"አንዴ።"

"እሺ፣ አንዴ" አለች ለተማርያም። ሃይሚ ስልኩን ተጫነችና ባንኮኒውን ዞራ መጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው ስለተሰማ ተቀመጡ። የማሚቱም ሚጥሚጣ ተመዘነ።

ለተማርያም ሚዛኑን እያነሳች ወደ ሩፋኤል ጠጋ አለች።

"ሩፋኤል፣ ሳምንት የሚያልቀው ቅዳሜ ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ።"

"እሁድ ሌላ ሳምንት ነዋ?"

"ሌላ ነው።"

"በል እንግዲህ" አለች በሹክሹክታ፣ "ቅዳሜና እሁድ ታክሲህን ለማንም እንዳትሰጥብኝ።"