ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት

ደክሞት የተሳሳተ ሰው ምሕረት አይነፈገውም፤ ስሕተቱን እያወቀ በድካሙ የሸፈነ ግን ከገዛ አካሉ የሚመሰክርበት አያጣም። የዚህ የነፍስ አድን ሠራተኛ ታሪክ ይህን ያሳያል።

ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማዋን ባፈረሰ ጊዜ፣ አለቃው እጁን ሲያነሣ ማሽኑ ሁሉ ይጠፋል፤ ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤ ጆሮ በፍርስራሹ ላይ ተደፍቶ ያዳምጣል። «አለ» ካለ ይቆፈራል፤ «የለም» ካለ ይታለፋል።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ይፈራል። ሬዲዮው ሲለፈልፍ ይውላል፤ ሚስቱም «ጎረቤቱ ሁሉ ዜና የሚሰማው ከእኛ ቤት ነው» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ግን ዐይኑ ከደን ባለ ቁጥር ግድግዳው እንደ ውሃ ይርገበገብበታል፤ ከጣሪያው አቧራ እንደ ጉም ይወርድበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ከፍርስራሹ ሥር የቀረችበት አናጺ መጣ። የጆሮ ሚስት ወንበር ሰጠችው፤ ውሃ አቀረበችለት፤ ለእንግዳ ክብር ብላም ሬዲዮውን ዘጋችው።

ሰውየው ሊያመሰግን ነበር የመጣው። በሕይወት ሳለች ትተናት ሄደን ይሆን እያለ ሲብሰለሰል መክረሙን፣ ያዳመጠው ጆሮ መሆኑ ትዝ ሲለው ግን እንቅልፍ እንደሚወስደው አጫወታቸው።

«አንተ የለም ካልክ የለችም ነበር ማለት ነው፣ ወንድሜ። እስከ ዛሬ ያቆመኝ እሱ ነው።»

ጆሮ አንገቱን ደፋ። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዳምጥ አድሮ ሊነጋ ሲል፣ በአናጺው ቤት ፍርስራሽ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ዐይኑ እየተከደነ፣ ከሥር አንድ ድምፅ ሰምቶ ነበር። ሕልም ይሁን እውን አልለየም፤ ሊለይም አልፈለገም። መተኛት ነበር የፈለገው። «የለም» አለ። ከእንቅልፉ ሲነቃ ድምፁ ከጆሮው ስላልጠፋ እውን እንደነበር አወቀ፤ ተመልሶ ግን አልተናገረም።

ሬዲዮው በተዘጋበት ጸጥታ ጣቶቹ፣ እሱ ሳያዛቸው፣ ጠረጴዛውን መቱ፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። እንደገና፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት።

አናጺው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ይህን ከየት ሰማኸው?»

ጆሮ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«እሷ ናት እንዲህ የምትመታው። ምሳ ሲደርስ፣ የሥራ ቤቴን ግድግዳ። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቀው የለም።»

የጆሮ ሚስት እጇን ወደ ሬዲዮው ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«በሕይወት ነበረች?» አለ አናጺው።

«ነበረች» አለ ጆሮ።

አናጺው ለአለቃው ተናገረ። ጆሮ ከሥራው ተባረረ፤ ዳግም በየትኛውም የነፍስ አድን ቡድን እንዳይቀጠርም ተወሰነ። ከዚያ ሌላ አናጺው የጠየቀው ነገር የለም። አመሻሽ ላይ ብቻ ይመጣና፣ በውጭ በኩል ቆሞ በጆሮ ቤት ግድግዳ ላይ ያንኑ ምት ይመታል። ጆሮም ሬዲዮውን ዘግቶ፣ እስኪያበቃ ያዳምጣል።