ያልተገጠመችው መኪና

ሠፈሩም ፋብሪካውም «ጠብታ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች ናቸው፤ ያለፈበትን ማሽን ሁሉ አንድ ጠብታ ዘይት ሳያጠጣ አይሄድም ነበርና። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ጨርቅ ሲበላ፣ ክር ሲበጠስ፣ ማሽን ሲያጓራ የሚጠራው እሱ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የከባድ ስፌት ማሽን ራስ ከነብረቱ ተንሸራቶ ቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። አውራ ጣቱን ጨምሮ ሦስት ጣቶቹ ተሰበሩ።

አጥንቱ ገጥሟል። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ «እኔ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ያንተ ማዘዝ ነው» ብሎ አሰናበተው። ማዘዝስ ያዛል፤ ጣቶቹ ናቸው እምቢ ያሉት። ማንኪያ ይይዛሉ፣ በር ይከፍታሉ፤ ነገሩ ትንሽ ሲሆን ግን ይለግማሉ። የሸሚዙን ቁልፎች በየጠዋቱ የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት። እሷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ጥድፊያ ላይ ናት፤ ስትቸኩል አንዱን ቁልፍ ትዘለዋለች። እሱም ሸሚዙ ተንጋዶ ይውላል እንጂ ትንፍሽ አይልም።

ፋብሪካው ክር ክፍል አስቀመጠው። ነጭ ለጠየቀ ነጭ፣ ጥቁር ለጠየቀ ጥቁር ክር ማቀበል ነው ሥራው። የመሣሪያ ሳጥኑ ተቆልፎ በጥገና ክፍል ጠረጴዛው ሥር ቀርቷል፤ ቁልፉ ያለው አለቃ ኪስ ውስጥ ነው። አለቃ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የጠብታ ሚስት ታላቅ ወንድምም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ችግሩ ደግነቱ ነው፤ ሲያዝንልህ ያሳንስሃል። «ሁለት ወር እጠብቅሃለሁ» አለው፣ ዓይን ዓይኑን ላለማየት እየታገለ። «ከዚያ ሳጥኑንም ጠረጴዛውንም አዲስ ሰው ይረከባል። ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ማሽኑ መቆም አይችልም።»

ይህ አለቃ አንድ የታወቀ በሽታ አለበት፤ የሪሞት መኪና። ባትሪ የሚበላ የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ትልልቅ ጎማ ያላት፣ ናይትሮ የሚባል ነዳጅ የምትጠጣ፣ እውነተኛ ሞተሯ እንደ ጉድ የሚጮህ፣ ጭሷን እያንቦለቦለች የምትበር ትንሽ የጭነት መኪና ናት። በዕረፍት ቀን ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ ላይ አለቃና መሰሎቹ ሲያሽቀዳድሟት ይውላሉ፤ የሚያሸንፈውም ሁልጊዜ አለቃ ነው። የጠብታ ሚስት ታዲያ ባሏ እጁን አጣጥፎ ግድግዳ ሲያይ ሲውል አንጀቷ አልችል አለና «ለሱም አንዷን እንግዛለት፤ ልቡ ይፍታታ» ብላ ወንድሟን አማከረች። ሦስቱም ተያይዘው ወደ ሱቅ ሄዱ።

ባለሱቋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ሁለት ካርቶን አወጣች። በአንደኛው ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ተገጥማ ያለቀች መኪና አለች። በሌላኛው ይህችው መኪና አለች፤ ግን ተበትና፤ ብረቱ በየከረጢቱ፣ ሞተሩ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ሥዕል በሥዕል የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ተደርጎ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለ ጠብታ።

«ይቺ ነዳጅ ከጠጣች ዛሬ ትሄዳለች። ያቺ የምትሄደው አንተ ስትገጥማት ነው።»

«ዝግጁዋን ያዝና እንገላገል» አለ አለቃ። «የኔም ዝግጁ ናት። አንድ ቀን ብሎን ነክቼላት አላውቅም፤ ይኸው ሁልጊዜ አንደኛ ናት። አንተ ደግሞ በዚህ በ...» ቃሉን ዋጠው።

ባለሱቋ ግን ከከረጢቶቹ አንዱን ቀድዳ ብሎኖቹን መስታወቱ ላይ ዘረገፈቻቸው። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው። ጠብታ ሳያስበው ቀኝ እጁን ዘረጋ። አንዷን ያዛት፤ ወዲያው ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ከማለቱ በፊት አለቃ ቀደመውና አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«አይዞህ» አለው።

ቃሉ እንደ ጥፊ ተሰማው። ከአደጋው ወዲህ ባሉት ስድስት ወራት ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ከሐኪም፣ ከጎረቤት፣ ከዘበኛው። ይህችኛዋ ግን ልቡ ላይ አረፈች። ብሎኗን በግራ እጁ ጨብጦ ባለሱቋን ቀና ብሎ አያት።

«ያልተገጠመችውን ስጪኝ» አለ።

አውቶቡስ ፌርማታ ደረሱ። ሚስቱ «ሳሎኔን ጋራዥ ልታደርገው ነው ማለት ነው» ብላ ካርቶኑን ተቀበለችው።

ብሎኖቹ እንዳይንከባለሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ተነጠፈ። ጠብታ በመጀመሪያው ቀን በአርባ አምስት ደቂቃ አንድ ብሎን አሰረ። አንድ! ሸሚዙ በላብ ራሰ። በማግስቱ ሁለት አሰረ፤ በሦስተኛው ቀን አንድም አልሆነለትም። ጣቶቹን ፎጣው ላይ ደርድሮ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይቆጣቸው ጀመር። «እናንተ፣ በነጻ ነው የምትኖሩት? ወይ ሥሩ ወይ ልቀቁ።» አንዲት ጥፍር የምታህል የብረት ቀለበት ደግሞ ከፒንሳው አፈትልካ የገባችበት ጠፋ። ሳሎኑ ተገለባበጠ፤ የለችም። ቀትር ላይ ሚስቱ ከአውቶቡስ ጣቢያ ደወለች።

«ጠዋት ሙሉ ጫማዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወጋኝ ዋለ። ያንተ ናት?»

«እንዳትጥያት!»

«ስነዳ ነው የዋልኩት እኮ፤ በሷ ምክንያት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ይሰድበኛል» አለችው፤ እያሳቀችው።

ሁሉም ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። የፍሪሲዮኑን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለውን ክፍል፣ ሚጢጢዬ ስፕሪንጎች ሲገጥም አሥራ አንድ ጊዜ ተፈናጥረውበት በአሥራ ሁለተኛው ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ሚስቱ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ «ተዪኝ» አላት። ተወችው። እጆቿ እንዳያስቸግሯት ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው፤ እሱም በአሥራ ሦስተኛው ገጠማቸው። ያን ቀን የሚያስፈልገው ብርታት ብቻ እንዳልነበረ ገባው፤ እሷ ዝም ብላ መቀመጧ ነው የጠቀመው።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ መኪናዋ አለቀች። አዲስ ሞተር እስኪለማመድ ቀስ እያለ ነዳጅ መጠጣት አለበትና አምስት ታንክ ሙሉ ግቢው ውስጥ እያዘገመች አጨሰች። ጎረቤቶች መስኮት ዘጉ። ጠብታ ጭሱ መሐል ቆሞ ፈገግ ብሎ ነበር።

ጠብታ መኪናዋን ይዞ የሚሰለፍበት የእሑድ ውድድር ደረሰ፤ በማግስቱ ሰኞ አዲሱ ሰው ሳጥኑን ይረከባል። ጠብታ ይህን ለማንም አላነሳም፤ ሌሊቱን ግን ደጋግሞ ተገላብጧል። ጠዋት መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ዙሪያዋን ቃኘ። ከዚያ የሃያ ሁለት ዓመት ልማዱ ያዘው። የዘይት ጡጦውን አነሳ። ለየጎማው መሽከርከሪያ ኩሽኔታ አንድ ጠብታ። ለፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ደግሞ፣ ያስለቀሰው እሱ ነውና ስለ ፍቅር ሦስት።

ሜዳው ላይ አምስት መኪናዎች ተሰለፉ። ውድድሩ አንድ ሰዓት ነው፤ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ዙሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምታሰምረው የስፌት ክፍሉ ተቆጣጣሪ ናት፤ ሴቶቹም ከኋላዋ ተኮልኩለዋል። ፊሽካው ተነፋ። አራቱ አቧራ አስነስተው በረሩ። የጠብታ መኪና ሞተሯ ሰማይ እስኪቀደድ ጮኸ፤ ጎማዋ ግን አንድ ክንድ ያህል ተሳበና ቆመ። በሪሞቱ ነዳጅ ጨመረላት፤ ባሰባት፤ ጮኸች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጠብታ! ዘይት ስጣት!» አለች አንዷ ልብስ ሰፊ፤ ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

ኩም አለ። በዚያው ቅጽበት ግን ሴትየዋ ያለችው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ በራ። ዘይት። ፍሪሲዮን የሚይዘው በውስጡ ያለው፣ ጫማ የሚሉት ክፍል ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ነው፤ ደረቅ መሆን አለበት። የስፌት ማሽን ካልጠጣ ይሞታል፤ ይህ ደግሞ ከጠጣ ይሞታል። በገዛ እጁ ነው ያሰከራት። ሌላ ሰው ቢሆን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም ነበር፤ እሱ ግን ሆድ ዕቃዋን አንድ በአንድ ያውቀዋል።

ሚስቱ ስትሮጥ መጣች። «ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን የእጅ አልኮል» አላት። ሰጠችውና ወደኋላ አለች። አራት ብሎን ፈታ፣ ሞተሩን አወጣ፣ ያቺን ጫማ ውስጥ የገባች ቀለበት አነሳ፣ ስፕሪንጎቹን አላቀቀ። በጨርቅና በአልኮል ጠራርጎ፣ አድርቆ፣ መልሶ ገጠመ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀበት። ሰሌዳው ላይ አለቃ አሥራ ስምንት መስመር ነበረው፤ የጠብታ ሥፍራ ባዶ ነው።

መኪናዋ አንዴ ተንፈራገጠችና ተስፈነጠረች። ሴቶቹ ሳቃቸውን ትተው መቁጠር ጀመሩ። ጠብታ ጥርሱን ነክሶ ነዳ፤ ነዳጅ ለመሙላት ካልሆነ በቀር አልቆመም። የአንዱ ጎማ ወለቀ፤ የሌላው ሞተር ጋለና ጠፋ፤ የመጋዘን ሠራተኛው መኪና ደግሞ በየኩርባው እየተገለበጠች ዙር ታባክናለች። አጋማሹ ላይ ደግሞ ከአለቃ መኪና ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገባ። ብሎኗ የላላ ማሽን ድምፅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቶታል። ሁለት ዙር ሳትዞር ቆመች። አለቃ ገለባበጣት፣ ነቀነቃት፣ ነፋባት። ሠላሳ ዓመት ማሽን የፈታ ሰው፣ ይቺን ግን ከፍቷት አያውቅም፤ ካቻቢቴም አልያዘም። ዝግጁ ለሆነች መኪና ምን ብሎ ይያዝ?

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ጠብታ የመጋዘን ሠራተኛውን በሁለት ዙር በልጦ አንደኛ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ዞር ብሎ ሲያይ ግን አለቃ አሁንም አቧራው ላይ ተንበርክኳል። ካቻቢቴውን ይዞ ሄደ።

«የሞተሩ መያዣ ብሎን ናት፤ ከሥር፣ በግራ በኩል።»

አለቃ ሲገለብጣት ብሎኗ ተንጠልጥላ ነበርና አቧራው ውስጥ ወደቀች። በወፍራም ጣቶቹ ቢደባብስ አልያዝ አለችው። ጠብታ ጎንበስ አለ። በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሐል አነሳት፣ እፍ አለባት፣ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብቶ ጠበቅ አደረጋት። ቀና ሲል አለቃና ተከትላው የመጣችው ሚስቱ እጁን እያዩት ነው። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች። ያኔ ገና እሱም እጁን አየው።

አለቃ አይዞህ አላለውም። ኪሱ ገብቶ ከቁልፎቹ መሐል ትንሿን አላቀቀና ዘረጋለት።

«ለነገው ሰውዬ ሌላ ሳጥን እፈልግለታለሁ» አለ።

ጠብታ ቁልፉን በቀኝ እጁ ተቀበለ።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ የአውቶቡሱን ቁልፍ እያሽከረከረች እንደ ልማዷ ሸሚዙን ልትቆልፍለት መጣች። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር፤ እስከ አንገቱ ቆልፎ። ከላይ ወደ ታች አየችው። ሦስተኛዋን ቁልፍ ዘሏት ሸሚዙ ተንጋዷል። ቁልፏን ሳትነካት ክንዱን ይዛው ተያይዘው ወጡ።