«እንደ» የጎደለው ሞት

መሞቴን የነገረኝ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ሻይ እየቀዳ፣ «የባለቤትህ ተለዋጭ ዘይቤ ልክ የለውም፤ አገዳደሏ እኮ ልዩ ነው» አለኝ። ለካ እሁድ ከሰዓት እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ በሚሰበሰበው የሐበሾች የንባብ ክበብ ባለቤቴ ሠርክ አንድ አጭር ልብወለድ አንብባ፣ ሰው ቆሞ አጨብጭቦላታል። እኔ በዚያ ሰዓት ሳውዝ ሲ ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኳስ እያየሁ ነበር። ሬሳ መስሎ የሚል ካለ ይበል።

ሥራዬ ለእርዳታ ድርጅት ዕቃ መግዛት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና የውሃ ታንከር ገዝቻለሁ። እኔ ዘንድ ድንኳን ማለት ድንኳን ነው፤ «የተስፋ ጥላ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ከጨረታው ይወጣል። በዚህ ዓይነት አእምሮ ነው እንግዲህ የሠርክን ወረቀት ከጠረጴዛዋ ላይ አንስቼ ያነበብኩት። እንዲህ ይጀምራል፦

«ባሌ የሞተው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ስለነበረ አልታወቀውም። ዛሬም ቤት ይመጣል፣ እራቱን ይበላል፣ መብራት አጥፍቶ ይተኛል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ገጽ ሙሉ ሴትየዋ አብሯት የሚያለቅስ ሰው ስትፈልግ ትውላለች። ጎረቤት ስታንኳኳ፣ «ባልሽን አሁን ደረጃው ላይ አየሁት እኮ» ይሏታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ትቀመጣለች። በመጨረሻ ንፍሮዋን ራሷ ቀቅላ፣ ለራሷ አቅርባ፣ ራሷ ትበላለች። እኔ ይህን ሁሉ ያነበብኩት እንደ ጨረታ ሰነድ ነው፤ ስሜ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነበር የምፈልገው። ስሜ የለም። ሰውየው ግን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ናይሮቢ ውስጥ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሐበሻ ስንት ነው? አንድ ነው፤ እሱም እኔ ሐብተማርያም ነኝ።

ሠርክ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። በቁሜ እንደገደለችኝ፣ ክበቡ ደግሞ ይህንኑ በዓመታዊ መድበሉ ሊያሳትም መሆኑን እንደሰማሁ ነገርኳት። እሷም እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ» ይላል፣ ያወዳድራል፣ ማምለጫ ይተዋል። ተለዋጭ ዘይቤ ግን አያወዳድርም፤ ነገሩን ሌላ ነገር አድርጎት ቁጭ ነው። ሰውን አንበሳ ካልክ አንበሳ ነው፣ አለቀ።

እኔ ደግሞ መደራደር እንጀራዬ ነው። ታሪኩን ቅደጂው አላልኩም፤ ቅናሽ ነው የጠየቅሁት። «ባሌ እንደ ሞተ ሰው ነበር» ብትል ምን ይጎድላታል? አንዲት ቃል ናት። ማንም ሳያዝን ሁላችንም በሰላም እንኖራለን።

ቢላዋውን አስቀመጠችው። «‹እንደ› ካልኩ ውሸት ይሆናል» አለች።

ልጃችን ሚልካ ከሳሎን ሆና ስልኳን ሳትለቅ፣ «ዳዲ፣ ሪላክስ፣ ሜታፎር ነው እኮ። ሊትሬቸር ክላስ ውስጥ ኤቭሪ ዴይ ሰው ይሞታል፤ ሃኩና ሺዳ» አለችኝ። ለእሷ ችግር የለም። የሞተችው እሷ አይደለችም።

አገሩ የሰው አገር ቢሆንም ዳኛ አላጣንም። በማግስቱ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ኢስትሊ ወረድኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጥሩሰው እዚያ የፍራሽ ሱቅ አላቸው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም ይባላል፤ ግን ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ወረቀቱን ሰጥቼ ክሴን አሰማሁ። በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡ፤ ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሳይስተናገድ ሄደ። ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ለምን ማክሰኞ ሆነ?»

እኔ ምን አውቄ፣ ረቡዕም ልትለው ትችል ነበር አልኳቸው።  ከዚያ ወረቀቱን ትቼላቸው እንድሄድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይዘው መጥተው ፍርዳቸውን እንደሚሰጡ ነገሩኝ። እኔም ፍርዱ ለእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኜ ዓርብ ዕለት ለስላሳ መጠጥ በሳጥን አስገባሁ። ሞኝ ማለት እኔ ነኝ፤ ይኸውና «እንደ» አልጨመርኩበትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የግቢው ዘበኛ ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፖሌ ሳና፣ ቦስ» ብሎ አጽናናኝ። በመስኮት ሳይ ሰባት የእድር ሰዎች ከፒካፕ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ያወርዳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ በጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዛለች፤ ንፍሮ መሆኑን ለማወቅ መገለጥ የለበትም። በር ከፍቼ ማን እንደሞተ ጠየቅሁ። ጋሽ ጥሩሰው እንደ በር መቃን አልፈውኝ ገቡ። ሠርክ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ፊቷ ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። «ዘገየን። ይቅር በይን።»

ሠርክ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሁለት ሴቶች ደግፈው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት። ስታለቅስ የጠራችው የእኔን ስም አልነበረም። «እማዬ» ነበር ያለችው።

የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ ከደሴ በስልኬ ጽፎልኝ ነበር። «እናታችን አርፋለች። ሰው ሰብስበህ በወጉ አርዳት» ይላል። ወጉን አላውቅም ማለት አልችልም። መርዶ ማለት በማለዳ ሽማግሌ ይዞ መሄድ፣ ሰውየውን ማስቀመጥ፣ ከዚያ አንዱ አፉን መክፈት ነው። እኔ ግን ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስለ ብርድ ልብስ ውፍረት እየተከራከርን ነበር። መልእክቱን ለሠርክ ፎርዋርድ አደረግሁላት። «በወጉ አርዳት» የሚለውም አብሮ ሄደ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።

ፓስፖርቷ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቶ ስለነበረ ለቀብር አልደረሰችም። ለእድሩም አልተናገርኩም፤ ሰው ለምን እናስቸግራለን አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። እኔም ዝምታዋን መስማማት ነው ብዬ መዘገብኩት። ያን ቅዳሜ በራሴ ሳሎን መሐል ቆሜ፣ መግቢያ እስካጣ ድረስ አፈርኩ።

ጋሽ ጥሩሰውን ወደ በረንዳ ወስጄ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። ሳቃቸውን እየያዙ፣ «ላንተ ዓይነት ባል ሦስት ገጽ አይለቀስም» አሉኝ። «ሌላ ሰው ሞቷል ብዬ ጠረጠርኩ። ሚልካን ስጠይቃት ማክሰኞዋን ነገረችኝ።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ክበቡ ለብርሌው አጨበጨበ። አንተም ብርሌው እኔን ይመስላል ብለህ ከሰስክ። ጠጁን የቀመሰ የለም።»

 ገብቼ ሠርክ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ስለ እናቷ እየጠየቋት ነበር፤ እሷም እናቷ በደሴ ገበያ ከሻጭ ጋር ስትከራከር እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ትሰማ እንደነበር እያለቀሰች፣ እየሳቀችም ትነግራቸዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወሬው ረገብ ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ሁለት ዓመት የዘገየ መርዶ ምን ይባልለታል? ሌላ ቃል ስላጣሁ፣ «‹እንደ› አትጨምሪበት። እንዳለ ይታተም» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኩ ነበር፤ እጄን ያዘችና መወልወሉን አስተወችኝ። ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገች።

«ብላ» አለችኝ። «ሙት ንፍሮ አይበላም።»

በላሁ። ጨው አንሶት ነበር፤ አልተናገርኩም።