የዘጠነኛ ለ ማሟሻ

የሙያ ቀን በተባለው ዕለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወደየምኞታቸው ተበተኑ። ሐኪም እሆናለሁ ያለው ወደ ሆስፒታል፣ ባንክ ያማረው ወደ ባንክ፣ አብራሪ እሆናለሁ ያለው ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ቆሞ ሽቅብ ሊያንጋጥጥ። የልብስ ሰፊው ትልቋ ልጅ ብቻ ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልወጣችም። መሆን የፈለገችው የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ጓደኞቿ በር ላይ ሲሰናበቷት የታመመ ሊጠይቁ የመጡ ይመስሉ ነበር።

"አይዞሽ፣ ይተውሽ ይሆናል" አለቻት አንዷ።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሐኪም ነጭ ጋዋን ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። አንዱን ለገዛ ልጁ ለክቶ ካልሰፋ ዓይኑ አይከደንም።

"አባዬ፣ አስተማሪም እኮ ጋዋን ይለብሳል" ብትለው፣

"የሐኪሙ ደም እንዳይነካው ነው፤ የአስተማሪው ግን ከሥር ያለው ሸሚዝ እንዳይታይ" አላት።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። የሂሳብ አስተማሪዋ እሷ ክፍል ገብታ ስታስተምር አይቶ "ለዚህ የተፈጠረች ናት" ካለ አባት አፉን ይይዛል። አይ ካለ ልጅት ሕክምና ትማራለች፤ ክርክሩም እዚያው ያከትማል።

አስተማሪውን ተማሪ ሁሉ በስተጀርባው ኮምፓስ ይለዋል፤ አንድ እግሩን ክፍሉ መሃል ተክሎ ዙሪያውን ስለሚወጋ። በሱ ክፍል ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትበረው። ልጅቷ ሂሳብን የወደደችው በዚያ ፀጥታ ውስጥ ነው። ፀጥታው ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቃ አታውቅም፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

በመምህራን ማረፊያው፣ አንድ እግሩ በመጽሐፍ ክምር በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ ኮምፓስ ዘዴውን ነገራት።

"አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ምንም አይጣድበትም። ክፍልም እንደዚያው ማሟሻ ይፈልጋል። ገና ስትገቢ የማይችለውን ልጅ ለይተሽ ሰሌዳ ላይ ታወጪዋለሽ። ይሳሳታል። ይስቁበታል። ከዚያ ሁሉም 'ቀጥሎ እኔ ነኝ' ብሎ አፉን ይዘጋል። አፉ ሲዘጋ ጆሮው ይከፈታል።"

"ልጁስ?"

"የቱ ልጅ?" አለ ኮምፓስ።

"ቲቸር፣ እኔ ያለዚያ ማስተማር ነው የምፈልገው።"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የገባሁት። ዘጠነኛ ለ አስተማሪያቸው ቀርቷል፤ ግቢና ሞክሪ። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።"

ዘጠነኛ ለ የታናሽ እህቷ ክፍል ነበር።

ልጅቷ በፈገግታ ገባች፤ መጀመሪያ የተበላው ፈገግታዋ ነው። ጠመኔ እንዳነሳች ከመስኮቱ በኩል ተፏጨ። "ቲቸር፣ ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" አለ አንዱ። ክፍሉ ተንጫጫ። ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታዞር አንዱ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ፣ ሌላው እንደ ዶሮይቱ መለሰለት። ለመነቻቸው፤ ልመናዋን በዜማ መለሱላት። ከኋላ ኮምፓስ ቁልፍ አውጥቶ ጥፍሩን ይጠርግ ጀመር። ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነጩ ጋዋን ከአባቷ የስፌት መኪና ላይ ተነስቶ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት።

ከክፍሉ ሁሉ አርፎ የሚያዳምጣት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷ እጆቿን አጣምራ፣ "የኔ እኮ ናት" በሚል ኩራት ታያታለች።

ታናሿ ክፍልፋይ ስትደምር የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ እንደምትደምር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ትልቋ ብቻ ናት። ለማንም እንዳትነግር አስምላት፣ አልቅሳ የነገረቻት እሷው ናት። በእርጋታ ሲያስረዷት ታገኘዋለች፤ ሰው ሲያያት ግን ድንግጥ ብላ ወደ ስህተቷ ትመለሳለች። ይህንንም ትልቋ ታውቃለች።

"አንቺ፣ ውጪ" አለች።

ታናሿ ደስ ብሏት ተነሳች። ልታግዛት የተመረጠች መስሏታል። ግማሽ ሲደመር ሲሶ ተጻፈላት። ጠመኔውን ይዛ የእህቷን ዓይን ፈለገች፤ ዓይኗ መስኮት ላይ ነበር። ቆየች፣ ቆየችና ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች።

"እርግጠኛ ነሽ?" የኮምፓስ ድምፅ ከትልቋ ጉሮሮ ወጣ። "ግማሽ ዳቦ ነበረሽ። ሲሶ ጨመርኩልሽ። ይኸው ከግማሽ አነሰ! የቀረውን ማን በላው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ራሷ ናታ፣ ውፍረቷን አታዪም!"

"ኧረ ሰሌዳውንም ሳትበላው አስቀምጧት!"

"አንቺ እኮ..." አለች ታናሿ በሹክሹክታ።

"ቲቸር በይኝ።"

ከዚያ ፀጥታው መጣ። ያ የምታውቀው፣ የምትወደው ፀጥታ። ዶሮው እንኳ እጁን አውጥቶ መለሰ፤ ያውም በትክክል። ልጅቷ እያማረባት ሄደች፤ ትምህርቱም ገባቸው። እህቷን "ተቀመጪ" ማለት ስለረሳች ግን ታናሿ ደወል እስኪደወል ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ቀረች።

ኮምፓስ ኮሪደሩ ላይ እጇን ጨብጦ አልለቅ አለ። "ተወልደሽበታል! እኔ በጎረቤት ልጅ ነው የጀመርኩት፤ አንቺ ከቤትሽ ጀመርሽ!"

ከትምህርት በኋላ ደስታውን ሊያካፍል ልብስ ስፌቱ ቤት ድረስ ሄደ። አባት ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"በቃ፣ ቃል ቃል ነው። አስተማሪ ትሁን" አለ። ከዚያ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ወደምትተክለው ታናሿ ዞረ። "አንቺ ምን አለብሽ፣ አስተማሪሽ እቤትሽ!"

"እኔ ሐኪም ብትሆን ይሻለኝ ነበር።"

"ለምን ልጄ?"

"ሐኪም ከመውጋቱ በፊት 'ትንሽ ያምሻል' ይላል።"

ሁለቱ ወንዶች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "አፏስ ስለት ነው፤ ቁጥር ነው እንጂ የጠላት!" አለ ኮምፓስ። ትልቋ ግራና ቀኟን አየች። ሳቁ ወደሷ ሳይዞር ቶሎ ብላ አብራ ሳቀች።